ኪታንኛ የሞንጎልኛ እናት ነው ወይስ እህት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደብረ ሲና የታሪክ መምህርት ነኝ። ሰሜን ቻይናን ስለገዛው የኪታኖች መንግሥት፣ ስለ ልያኦ፣ ሳስተምር አንድ ተማሪ «ኪታኖቹ የሚናገሩት ቻይንኛ ነው ወይስ የሞንጎልኛን እናት?» ብሎ ያዘኝ። የሞተ ቋንቋ ዘመዱ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቻይንኛስ አይደለም። የሞንጎልኛም እናት አይደለም፤ እህቱ ነው። ምሳሌው አጠገብሽ አለልሽ። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ስትወርጂ አርጎባዎች አሉ። አርጎብኛ ከአማርኛ አልተወለደም፣ አማርኛም ከአርጎብኛ አልተወለደም። ዛሬ እዚያ በአማርኛ አፉን የሚፈታው ብዙ ነው። አሮጊቶቹ የሚያስታውሱት ካለ ተማሪዎችሽ በስልካቸው ይቅረጹት፣ አደራ።

ወደ ኪታንኛ ልመለስ። ዝምድናው የሚታየው ድምፁ ላይ ነው። አምስት በጥንቱ ሞንጎልኛ «ታቡን»፣ በኪታንኛ «ታው» ነው። መቶ «ጃጉን» ነው፣ በኪታንኛ «ጃው»። ሞንጎልኛ መሀል ላይ ያስቀመጠው «ብ» ወይም «ግ» ኪታንኛ ላይ የለም። አንድ ቃል ብቻ ቢመሳሰል ከጎረቤት ተውሶት ይሆናል። ልዩነቱ ራሱ እንዲህ ሥርዓት ሲይዝ ግን የሥጋ ዝምድና ነው። እኔ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም።

ይህ ሁሉ የተነበበው በአብዛኛው ከመቃብር ድንጋይ ነው። ኪታኖች ሁለት ፊደል ነበራቸው። ትልቁ በ920 ወጣ፣ ትንሹ ጥቂት ዓመት ቆይቶ (አቆጣጠሩ የአውሮፓ ነው)። የትንሹ ምልክቶች ሁለት ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ከሥራቸው ሌሎች ሁለት ይደረደራሉ፣ ተደማምረው አንድ ቃል ይሆናሉ። ልያኦ በ1125 ቢወድቅም ያሸነፏቸው ጁርቼኖች ራሳቸው በፊደሉ ሲጽፉ ቆዩ። በ1190ዎቹ መጀመሪያ ንጉሣቸው ከለከለው። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ አንባቢ ጠፋ። በ1922 በቻይና «የውስጥ ሞንጎሊያ» በሚባለው ክልል የልያኦው ንጉሥ የሺንግዞንግና የንግሥቲቱ የመቃብር ጽሑፍ ተገኘ፤ የዘመናችን ጥናት የተነሣው ከዚያ ነው። በ1134 የተቀረጸ አንድ ጽሑፍ ደግሞ ቻይንኛው አብሮት ስላለ ለንባቡ ትልቅ እገዛ ሆኗል። እስካሁንም ያልተፈቱ ምልክቶች አሉ።

ለተማሪሽ «ታቡን» እና «ታው»ን ሰሌዳ ላይ ጻፊለት። ከሥራቸው «ጃጉን»ን ብቻ ጻፊና ኪታንኛውን ራሱ ይገምት።