ፋይሉ አልከፈት ሲላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ

ልጆቼ፣ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ በር ፊት ለፊት ጽሕፈትና ፕሪንት ቤት ከፍቼ ስሠራ ጸጉሬ ሸብቷል። "ጋሼ፣ ፋይሌ አልከፈት አለ" የሚለውን ከ"እንደምን አደሩ" በላይ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ እንድጽፍላችሁ ያነሣሣኝ ግን የገዛ ጥፋቴ ነው።

ሰኔ ነበር፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጠረዝበት ሰሞን። ወረፋው በሩን አልፎ ወጥቷል። አንዲት ተማሪ ፍላሽ ሰጠችኝና ሰካሁት። ኮምፒውተሩ "ፎርማት ካልተደረገ አይሠራም፣ ላድርገው?" አለኝ። ቸኩያለሁ፣ እሺ አልኩት። በዚህ ቢያበቃ እንኳ ተስፋ ነበረው። ፈጣኑ ፎርማት የሚያጠፋው የፋይሎቹን ማውጫ ነው፤ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ፋይሎቹ በመልሶ ማግኛ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ይገኛሉ። እኔ ግን "አሁን ይሠራል ወይ?" ብዬ ለመሞከር አንድ ትልቅ ፊልም ገለበጥኩበት። ፊልሙ ጽሑፏ ላይ ተኛበት።

ልጅቷ አልጮኸችም። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የፍላሹን ክዳን ትከፍት ትዘጋ ጀመር። ለአማካሪዋ በኢሜይል የላከችው አሮጌ ቅጂ ተገኘ፤ ሁለት ምዕራፍ ይጎድለዋል። እሷ እየነገረችኝ እኔ እየጻፍኩ ነጋ።

ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት አልከፈት ያለ ፋይል መጀመሪያ ይገለበጣል። የሚነካካው ቅጂው ነው። ኮምፒውተሩ የሚጠይቀኝንም ሳላነብ እሺ አልልም።

ቀጥሎ መጠኑን እዩ። ዜሮ ኪሎባይት ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው። እሱን ስትጠግኑ አትድከሙ፣ ሌላ ቅጂ ፈልጉ። አንድ ሁለት ኪሎባይት ሆኖ ምስሉ ላይ ትንሽ ቀስት ካለበት፣ ብዙውን ጊዜ ያ የለመድነው የሾርትከት ቫይረስ ነው። ደጋግማችሁ አትጫኑት፤ በተጫናችሁት ቁጥር ቫይረሱን እናንተው ታስነሡታላችሁ። ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ አልጠፉም። ፎልደር ኦፕሽን ውስጥ ገብታችሁ የተደበቁት እንዲታዩ አድርጉ፣ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውንም ምልክት አንሡ። ብቅ ሲሉ የራሳችሁን ሰነዶች ብቻ ለይታችሁ ገልብጡ።

መጠኑ ደህና ሆኖ የጽሑፍ ፕሮግራሙ ወርድ "ተበላሽቷል" ካላችሁ፣ እዚያው ወርድ የመክፈቻ ሳጥን ውስጥ ፋይሉን መርጣችሁ ኦፕን ከሚለው ጎን ያለችውን ቀስት ጫኑ። ኦፕን ኤንድ ሪፔር የሚል ይወጣል። ብዙ ሰው አያውቃትም። እሷም ካልሠራች አንድ የምወደው ዘዴ አለኝ። ከወርድ 2007 ጀምሮ የመጣው የዶክ ኤክስ ፋይል ለካ የታሸገ ዚፕ ነው! የቅጂውን ቅጥያ፣ ማለት ከስሙ መጨረሻ ከነጥቡ በኋላ ያለውን docx፣ ወደ zip ቀይሩት። ከተከፈተ፣ ወርድ በሚል ፎልደር ውስጥ ዶኩመንት የሚባል ፋይል አለ፤ ጽሑፋችሁ በምልክት መሐል ተበታትኖ እዚያ ተቀምጧል። ስንዴውን ከእንክርዳድ መልቀም ነው፣ ዓይን ያደክማል። ፎቶዎቹ ደግሞ ሚዲያ የሚለው ውስጥ ናቸው።

አንዳንዴ ፋይሉ ይከፈትና አማርኛው በላቲን ፊደልና በምልክት የተዝረከረከ ይሆናል። ይሄ ብልሽት አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ቁጥር ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት ሰው በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶችና በመሰሎቻቸው ይጽፍ ነበር። ፎንቱ ኮምፒውተራችሁ ላይ ከሌለ ጽሑፉ እንዲህ ይታያል። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እንዲህ ያለ አርባ ገጽ ይዘው መጡ። "ቫይረስ በላው" ተብለው፣ ከወረቀት ላይ እንደገና ሌላ ቤት አስጽፈውት ነበር። ፎንቱን ፈልጌ ጫንኩላቸው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የአርባ ገጹን ሒሳብ ግን የጻፈላቸው ሰው አልመለሰላቸውም።