በሬው ከመሸጡ በፊት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ታናሽ እህቴ 21 ዓመቷ ነው፤ ለቤት ሥራ ኳታር፣ ዶሃ ልትሄድ ሂደት ጀምራለች። ኤጀንሲው ድረስ የወሰዳት ሰው ለቪዛና ለትኬት 45 ሺህ ብር አምጡ ብሎናል፤ አባታችን በሬውን ሊሸጥ ነው። እንክፈል ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ የወንድሜ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ይማራል። «ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ከሆነች የአገልግሎት ንግድ ይከፈታል፤ የእህታችንም ሥራ በዚያ ሕግ ይጠበቃል» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ በሬው ከበረቱ አይውጣ። የቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የኢንሹራንሱ ወጪ የቀጣሪው ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እንዲህ ነው የሚለው። የእህትሽ ድርሻ ፓስፖርቷ፣ የጤና ምርመራና ክትባቷ፣ የልደት ሰርተፍኬቷ፣ ሲኦሲ የምትሉት የብቃት ምዘና፣ የውሏና ከወንጀል ነፃ መሆኗን የሚገልጸው ወረቀት ማረጋገጫ ክፍያ ነው። ለእነዚህ ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጣል። «ለቪዛና ለትኬት» ብሎ በእጅ የሚቀበላችሁ ሰው ቀጣሪው የሚከፍለውን ነገር ለእናንተ በድጋሚ እየሸጠላችሁ ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ወረቀት ሳላነብ ፈርሜ ያጣሁትን ስለማውቅ ነው። ቤይሩት ስሄድ የ23 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እዚህ የፈረምኩት ውል 200 ዶላር ይላል። እዚያ በደረስኩ በሦስተኛው ቀን አንድ ቢሮ ወስደውኝ፣ ማዳም ከጎኔ ቆማ፣ ሌላ ወረቀት አቀረቡልኝ። ሁሉም አረብኛ ነው። ከጽሑፉ መሐል ሦስት ምልክት ለብቻው ቆሟል፤ እንደ ዘንግ ቀጥ ያለች መስመር፣ አንድ ክብ፣ ከዚያ አንዲት ነጥብ። ክቡ ዜሮ መሰለኝ፤ ነጥቧን ከቁጥርም አልቆጠርኳት። ፈረምኩ። ምን እንደፈረምኩ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። አትክልት ልገዛ ወደ ታች ስወርድ ባለሱቁ በካርቶን ላይ የሚጽፈውን ዋጋ እያየሁ ቁጥሩን ለመድኩት። ዘንጓ አንድ ነች፣ ክቡ አምስት፣ ነጥቧ ዜሮ። መቶ ሃምሳ! በየወሩ 50 ዶላር፣ ለሦስት ዓመት ሲባዛ 1,800 ዶላር። እናቴ በዚያን ጊዜ ቤቷ ያፈስ ነበር፤ በክረምት ከአልጋዋ አጠገብ ሳፋ ትደቅን ነበር። ያ ገንዘብ ጣሪያዋ ነበር።

ወደ ወንድምሽ ጥያቄ ልምጣ። ደህና አድርጎ አስቧል፣ ግን ሕጉ እንዳሰበው አይደለም። በድርጅቱ የአገልግሎት ንግድ ስምምነት፣ አገልግሎት ከአገር አገር የሚሸጥበት መንገድ አራት ነው። አዲስ አበባ የተቀመጠ ልጅ ለውጭ ደንበኛ በኢንተርኔት ሶፍትዌር ሲሠራ አንዱ ነው። ቱሪስት ላሊበላ መጥቶ ሲያድር ሁለተኛው። ሳፋሪኮም በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ ወስዶ እዚሁ እኛ ዘንድ ሲሠራ ሦስተኛው። አራተኛው ሰው ራሱ ተሻግሮ፣ ለጊዜው ሠርቶ የሚመለስበት ነው። ወንድምሽ ያሰበው ይህንን ነው። ነገር ግን ከስምምነቱ ጋር የተያያዘ አባሪ አለ፤ በሌላ አገር የሥራ ገበያ ለመቀጠር የሚሄድ ሰው ጉዳይ በዚህ ስምምነት አይገዛም ይላል። ስለዚህ ኩባንያው ለሦስት ወር ሥራ የላከው ሕንዳዊ ኢንጂነር ይገባበታል፤ የዶሃ ቤተሰብ በቀጥታ የሚቀጥራት እህትሽ ግን ውጭ ትቀራለች። በዚህ በአራተኛው መንገድም አገሮች በር የከፈቱት በአብዛኛው ለሥራ አስኪያጆችና ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ለሚዛወሩ ባለሙያዎች ነው። ባንክ ይግባ፣ ቴሌኮም ይግባ ሲባል ንግድ ነው፤ እኛ የተረፈን ጉልበት ሲሆን ግን የኢሚግሬሽን ጉዳይ ይሆናል። ይህን እንደ በደል ነው የማየው። አገራችን የአባልነት ማመልከቻ ያስገባችው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ አባልነት ለሌላው ነገር ይጠቅም ይሆናል፣ ለእህትሽ ግን ከለላ አይሆናትም።

አንድ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ትኬቱን የኳታር ቀጣሪ ገዝቶ እህትሽ በአየር መንገዳችን ስትበር፣ ያቺ የአራት ሰዓት ወንበር በአገር ሒሳብ የአገልግሎት ኤክስፖርት ተብላ ትመዘገባለች። እዚያ ወርዳ ሁለት ዓመት ስታጥብ፣ ስትተኩስ፣ ልጅ ስታሳድግ የምትሠራው ግን በዚያ መዝገብ የለም። የምትልከው ገንዘብ ሐዋላ ተብሎ ከዘመድ ስጦታ ጋር ይደመራል። ቡናችን ከተወሰነ ዋጋ በታች አይወጣም ብለን እንከራከራለን፤ ለልጆቻችን ጉልበት ግን እንዲያ ስንከራከር አይሰማም። ፊሊፒንስ ለቤት ሠራተኞቿ በወር ከ400 ዶላር በታች አልልክም ካለች ሃያ ዓመት ሊሆናት ነው። እኛ በ2006 ዓ.ም. ጉዞውን ጭራሽ አገድን፤ እገዳው እስከ 2010 ሲቆይ ልጆቹ በጅቡቲዋ ኦቦክና በሶማሊያዋ ቦሳሶ በኩል በጀልባ ወደ የመን ይሻገሩ ነበር።

እንግዲህ እህትሽን የሚጠብቃት የሁለቱ አገሮች ሕግና የፈረመችው ውል ነው። በኳታር ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ 1,000 ሪያል ነው፤ የቤት ሠራተኛንም ይጨምራል። ምግብና መኝታ ቀጣሪው ካላቀረበ 300 እና 500 ሪያል ይጨምራል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን እረፍት፣ በዓመት ሦስት ሳምንት ፈቃድ፣ ውሉ ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ዓመት የሦስት ሳምንት ደመወዝ ይሰጣታል። ሁለት ዓመት ከሠራች ይህ ብቻ 1,400 ሪያል ነው፤ ብዙዎቹ ልጆች ሳይጠይቁት ይመጣሉ። ፓስፖርቷን መያዝም ክልክል ነው። ማዳም «ለአደራ ቁም ሳጥን ውስጥ ላስቀምጥልሽ» ብትላት፣ በትሕትና «እኔው ጋ ይሁን» ትበል።

ከመሄዷ በፊት የውሉን እያንዳንዱን ገጽ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፤ አንዱ ቅጂ ደሴ ይቅር። ከዚያ አንድ ማታ ቁጭ ብላችሁ የአረብኛውን ቁጥር አለማምጃት፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያለው በአንድ ማታ ይለመዳል። ዶሃ ደርሳ ሌላ ወረቀት ቢያቀርቡላት የምትፈልገው ዘንጓንና ከዘንጓ ቀጥሎ ሦስት ነጥብ ነው። ሁለት ነጥብ ብቻ ካየች እስክሪብቶውን ታስቀምጥ።