ጠይቁን፦ ሪሞት ታንኬ ወደ ግራ ብቻ ይዞራል፣ የብረት ሰንሰለት ላስመጣ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ናችሁ። እኔ ሰሚት አካባቢ ነው ምኖረው። ወንድሜ ከሜሪላንድ ሲመጣ ሪሞት ታንክ አምጥቶልኝ ነበር፣ የጀርመኑ ታንክ ታይገር ዋን ነው፣ 1/16 ስኬል (ርዝመቱ ከእውነተኛው 16 ጊዜ ያነሰ)፣ ውስጡ ሁሉ ፕላስቲክ። እስካሁን ቆንጆ ይሰራ ነበር፣ አሁን ግን በግራ በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያወጣል፣ ቀጥ ብዬ ስነዳው ወደ ግራ ይዞራል፣ ምንጣፍ ላይ ከሆነ ደሞ ጭራሽ ይቆማል። ወንድሜ ለፋሲካ ይመጣል፣ የብረት ሰንሰለት ላምጣልህ ወይ ብሎኛል። ሰንሰለቱ ከተቀየረ ድምፁ ይጠፋል ብዬ ነው፣ ምን ትመክሩኛላችሁ? የሰሚቱ አንባቢያችሁ

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ዛሬውኑ ደውልለትና ሰንሰለቱን ለጊዜው ተወው፣ ሻንጣህ ውስጥ ምናልባት ለጊርቦክስ፣ ማርሾቹ ላሉበት ሳጥን፣ ቦታ ያዝልኝ በለው። ለምን እንደሆነ በደንብ ላስረዳህ፣ ምክንያቱም እንዳንተ የሚጽፉልን ልጆች አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚያምራቸው ሰንሰለቱ ነው። እውነትም የብረት ሰንሰለት ያምራል፣ ሲሚንቶ ላይ ሲሄድ ድምፁ ራሱ ደስ ይላል፣ ግን ያንን ሁሉ ክብደት ቀን ከሌት የሚያዞረው ውስጥ ያለችው ትንሽዬ የፕላስቲክ ማርሽ ነች። አሁን ጥርሷ ተበልቷል ብለን እንጠርጥርና አንተ ደሞ ብረት ስትጨምርባት አስበው፣ የቀራትንም ትጨርሰዋለህ።

ይሄ እኮ በእውነተኞቹም ታንኮች ላይ የደረሰ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖቹ ፓንተር የሚባለውን ታንክ ሲነድፉ መጀመሪያ ያሰቡት 30 ቶን አካባቢ ነበር፣ ብረቱ እየወፈረ መድፉ እየረዘመ ሲሄድ 45 ቶን ገደማ ገባ፣ ኃይሉን ወደ ሰንሰለቱ የሚያደርሰው የመጨረሻው ማርሽ ግን ለዛ ክብደት አልበቃም። ተመቶ ከቀረው ሌላ ማርሹ እየተሰበረ መንገድ ላይ የቀረው ፓንተር ብዙ ነው። ስለዚህ ጥንካሬ የሚጀመረው ከውስጥ ነው፣ ማርሹ፣ ከዛ ጥርስ ያለው የሚነዳው ጎማ፣ ከዛ ነው ሰንሰለቱ።

ግን ምንም ነገር ከመግዛትህ በፊት ምን እንደተበላሸ እንወቅ። ታንኩን መፅሀፍ ላይ ወይም ሳጥን ላይ አስቀምጥና ሰንሰለቶቹ አየር ላይ ይሁኑ። አሁን ወደፊት ንዳው። አየር ላይ ሁለቱም ጎን እኩል እየዞረ መሬት ሲነካ ብቻ ቀጭ ቀጭ ካለ ማርሹ ጭነት ሲያገኝ እየዘለለ ነው ማለት ነው። አየር ላይም ግራው ካልዞረ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ያኔ የላይኛውን ክፍል ክፈተው፣ ብሎኖቹ ከስር ናቸው፣ ግን በጉልበት ብድግ እንዳታደርገው ምክንያቱም ከላይኛው ወደ ቦርዱ፣ ሞተሮቹን ወደሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ የሚወርዱ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፣ ቀስ ብለህ ከፍተህ ሳትነቅል በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳቸው፣ ይቺ ፎቶ በኋላ ነፍስህን ነው የምታሳርፈው።

ከዛ የግራና የቀኝ ሞተሩን ፕለግ ቦርዱ ላይ አቀያይራቸው። ከተቀያየረ በኋላ ብልሽቱ ወደ ቀኝ ከዞረ ሞተርህ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ቦርዱ ላይ ነው። ብልሽቱ እዛው ግራ ላይ ከቀረ ደሞ ቦርዱ ደህና ነው፣ ሞተሩን ወይ ሽቦውን ወይ ጊርቦክሱን ነው ምትፈልገው። ምንም ብር ሳታወጣ፣ ቴስተር እንኳን ሳይኖርህ ነገሩን ለሁለት ትከፍለዋለህ። ጥገና ቤት ብትወስደውም ይሄን መጀመሪያ አድርገህ ውሰደው፣ ያለበለዚያ ደህናውን ቦርድ ቀይረው ሊሰጡህ ይችላሉ።

አሁን ታይገር ስለሆነ አንድ ልዩ ነገር ልንገርህ። የታይገር ጎማዎች እርስ በርስ ተደራርበው ነው የተሰሩት፣ ጦርነቱ ላይ ራሺያ ክረምት ውስጥ ጭቃው በጎማዎቹ መሀል ገብቶ ሌሊት በረዶ ሆኖ ታንኩን ያስቆመው ነበር። ያንተ ጭቃ የለበትም ግን ምንጣፍ አለ፣ የምንጣፍ ክርና የሰው ፀጉር ከኋለኛው ጎማ ጀርባ አክሰሉ ላይ ተጠምጥሞ ሳታየው እንደ ፍሬን ይይዛል። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በካቻቪቴ ፍታ፣ ክሩን በመቀስና በወረንጦ አውጣ፣ የትኛው ጎማ ከየት እንደመጣ በተራ ደርድራቸው ምክንያቱም የውስጥና የውጪ ጎማዎቹ አንድ አይነት አይደሉም። በዛው የሚነዳውን ጎማ በእጅህ ነቅነቅ አድርገው። የመሀል ብሎኑ ላልቶ ወይም የፕላስቲኩ ቀዳዳ ተሰንጥቆ ከሆነ ዘንጉ ውስጥ ለብቻው ይዞራል፣ ያ ራሱ ልክ እንደነገርከኝ ነው ድምፅ የሚሰጠው፣ እውነት ለመናገር ግማሹ ሰው ጊርቦክስ ተበላሸ የሚለው ይሄ ሆኖ ይገኛል።

ሰንሰለቱም ከመጠን በላይ ተወጥሮ እንዳይሆን። ታይገር ላይ ሰንሰለቱ ከላይ በኩል ጎማዎቹ ላይ ተኝቶ ትንሽ ረገብ ማለት አለበት፣ እንደ ክራር ጅማት ከተወጠረ ሞተሩ ሁሌም ከሰንሰለቱ ጋር እየታገለ ነው።

ጊርቦክሱ ሆኖ ካገኘኸው ክፈተውና ጥርሶቹን በብርሀን እያቸው። ተሰብሮ የወደቀ ጥርስ ከሌለ አሮጌውን ግራሶ በጥጥ ጥረግና ለፕላስቲክ የሚሆን ነጩን ግራሶ በጣም ስስ አድርገህ ቀባ። የመኪና ወፍራም ግራሶ አትሙላበት፣ ሞተሩን ያከብድበታል። ዝገት የሚያስለቅቀውን በቆርቆሮ የሚረጨውንም አትጠቀም፣ ያ ለማላቀቅ እንጂ ለማርሽ የሚሆን አይደለም፣ ቶሎ ደርቆ ማርሹን ባዶ ያስቀረዋል።

ጥርሱ አልቆ ከሆነ ወንድምህ የብረት ማርሽ ያለውን ጊርቦክስ ከነሞተሩ ጥንድ አድርጎ ያምጣ፣ ግራና ቀኝ አንድ ላይ። አንዱን ብቻ ከቀየርክ ፍጥነታቸው ተለያይቶ ደግሞ ሌላ መዞር ይጀምርሀል። ሲገዛ 3:1 እና 4:1 የሚሉ የማርሽ ሬሾዎች ያጋጥሙታል፣ 4:1 ዘገምተኛ ነው ግን ጉልበት አለው፣ ለታይገር እኔ እሱን ነው የምመርጠው፣ 57 ቶን የሚመዝን ታንክ እንደ ባጃጅ ሲከንፍ ማየት ደስ አይለኝም። ኩሽኔታ ያለው ከሆነ ጥቂት ብር ቢጨምርም ይግዛው። ይሄ ከገባና ጥቂት ሳምንት በደንብ ከሰራልህ በኋላ በሚቀጥለው ጉዞው የብረት ሰንሰለቱን ከነብረት የሚነዳው ጎማ ያምጣልህ፣ የብረት ሰንሰለት የፕላስቲክ ጎማ ላይ ካሰርክ ጥርሱን እንደ ሞረድ ነው የሚበላው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በኤሌክትሪክ ስራ ጡረታ የወጣሁ የአዳማ ነዋሪ ነኝ። የልጅ ልጄ ታንክ ባትሪው 7.2 ቮልት 2000 ሚሊ አምፒር ይላል፣ አሁን አምስት ደቂቃ አይሰራም። ከአሜሪካ የመጣው ቻርጀርም በሰካሁት ቀን ጨሰ። ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ የሚወጡትን ክብ ሴሎች ሁለት አገናኝቼ ብሰራለትስ? ቻርጀሩንስ በምን ልተካው?

መልስ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ፣ የልጅ ልጅዎን ታንክ እርስዎ ራስዎ መያዝዎ በጣም ነው ደስ ያለን። ቻርጀሩን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል፣ ጀርባው ላይ ያለውን ፅሁፍ ይዩልኝ፣ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የኛን 220 አይችለውም። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልክላችሁ አንባቢዎች ሁሉ ይሄን ልብ በሉ፣ ከ100 እስከ 240 የሚለውን ነው ማስመጣት ያለባችሁ።

ባትሪው 7.2 ከሆነ ስድስት የ1.2 ቮልት ኒኬል ሴሎች ናቸው። የላፕቶፖቹ ግን ሊቲየም ናቸው፣ አንዱ 3.7 ሁለቱ በተከታታይ 7.4፣ ሲሞሉ 8.4 ይደርሳሉ። ታንኩ በ7.4 በደስታ ነው የሚሄደው፣ አደጋው ቻርጀሩ ላይ ነው። ሁለቱም አይነት ባትሪ ብዙ ጊዜ አንድ አይነት ነጭ ፕለግ ነው ያላቸው፣ ስለዚህ የኒኬሉ ቻርጀር ሊቲየሙ ላይ ሰተት ብሎ ይገባል፣ መሙላቱን የት ላይ እንደሚያቆም ግን አያውቅም። አንዱ የሊቲየም ሴል ከ4.2 ቮልት በላይ ሲገፋ ሊያብጥ ከዛም እሳት ሊያስነሳ ይችላል፣ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ አንዱ ፕለግ ከሌላው ጋር የሚገጥም ነገር ሁሉ አንድ ቀን ይገጣጠማል። ስለዚህ ሊቲየም ከገቡ የኒኬሉን ቻርጀር ከቤት ያውጡት፣ ወይም ፕለጉን ቆርጠው ሌላ አይነት ይግጠሙ።

አሮጌ የላፕቶፕ ሴሎችን ግን እኔ አልመክርዎትም ጋሼ። ምናለሽ ተራ በርካሽ ይገኛሉ አውቃለሁ፣ ግን የተጣለ ላፕቶፕ ሴል እኩል አቅም ያላቸው ሁለት ማግኘት ከባድ ነው፣ ደካማው ቀድሞ ከ3 ቮልት በታች ይወርድና ይሞታል፣ ታንክ ደሞ ሲነሳና ሲዞር የሚስበው አምፒር እንደ ላፕቶፕ አይደለም። በዛ ላይ ሴሉ ላይ በቀጥታ ሶልደር ሲያደርጉ ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳዋል። ፋብሪካ የገጣጠመው፣ ውስጡ የመከላከያ ቦርድ ያለው 7.4 ቮልት ይሻላል። ሰው ካመጣልዎት በእጅ ሻንጣ ይያዘው፣ ለብቻው ያለ ሊቲየም ባትሪ ወደ ጭነት ሻንጣ አይገባም። 7.4 በ2 አምፒር ሰዓት ሲባዛ 15 ዋት ሰዓት እንኳን አይሞላም፣ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ ከሚያሳልፉት 100 በብዙ ያንሳል።

ኒኬሉን መቀጠል ከፈለጉም አዲስ ገዝተው ይቀጥሉ፣ ሞኝነት አይደለም፣ ለልጅ እንዲያውም የበለጠ ታጋሽ ነው። ብቻ ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው ትንሹ ቻርጀር 250 ሚሊ አምፒር ከሆነ 2000ውን ለመሙላት በስሌት ስምንት ሰዓት ነው፣ በተግባር ይበልጣል። ልጁ ሁለት ሰዓት ሰክቶ ባትሪው ሞተ ይል ይሆናል፣ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ይቺን አንዴ ይሞክሩልኝ።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነው ያለሁት፣ የ9 አመት ልጄ በልደቱ ታንክ ተሰጥቶት ነበር፣ ጥይት ይተኩሳል፣ ጭስም ያወጣል፣ ጭሱ ሰሞኑን የተቃጠለ ሽታ አለው። ልከልክለው?

መልስ፦ እህቴ ታንኩን አይከልክሉት፣ ጥይቱን ግን አዎ። 6 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ጥይት ትንሽ ትመስላለች ግን አይን ላይ ካረፈች ቀልድ የለውም፣ ለ9 አመት ልጅ አይሆንም፣ ሳጥኑ ላይ የተፃፈውን እድሜም ያንብቡት። ጥይቶቹን ሰብስበው ያስቀምጡ፣ ታንኩ ሌላው ሁሉ ይሰራለታል። በብዙዎቹ ላይ በጨረር የሚታኮሱበት ዘዴም አለ፣ የተመታው ታንክ ይንቀጠቀጣል፣ ከጓደኛው ጋር ለመጫወት ከጥይቱ ይልቅ ይሄ ነው የሚያዝናናው። ጭሱን በተመለከተ ውስጡ ዘይት የምታሞቅ ትንሽ ሽቦ አለች፣ ዘይቱ ሲያልቅ ክሩ ይቃጠላል፣ የሸተተዎት እሱ ነው። ለእሱ የተሰራውን ዘይት ጠብ ጠብ ያድርጉ፣ የምግብ ዘይትም የመኪና ዘይትም አይሆንም። አለዚያ የጭሱን ፕለግ ከቦርዱ ላይ ነቅሎ መተው ነው፣ ባትሪውም ይቆይለታል።

ጥያቄ፦ እኛ ሀገር የምናውቀው ታንክ የሶቪየቱ ቲ 55 ነው፣ ሁሉም የሚሸጠው ግን ታይገር ነው። ታይገሬን ቆርጬ ቲ 55 ላደርገው አስቤያለሁ፣ ይቻላል? ከባህር ዳር

መልስ፦ ሀሳብህ በጣም ነው የወደድኩት፣ ታይገሩን ግን አትንካው። ታይገር የሚነዳው ጎማ ከፊት ነው፣ ጊርቦክሱም ፊት ነው ያለው፣ ቲ 55 ደሞ ከኋላ ነው የሚነዳው፣ ስለዚህ ውስጡን በሙሉ ልታፈርሰው ነው። ከተሳካልህ የሌላውን የሶቪየት ታንክ የቲ 34ን ሪሞት ፈልግ፣ እሱ እንደ ቲ 55 ከኋላ ይነዳል፣ በየጎኑ አምስት ትልልቅ ጎማ አለው፣ ሰንሰለቱም ከላይ ጎማዎቹ ላይ ነው የሚተኛው። ልዩነቱ አቀማመጡ ላይ ነው፣ ቲ 55 ላይ አንደኛውና ሁለተኛው ጎማ መሀል ሰፋ ያለ ክፍተት አለ፣ ይሄን ካልጠበቅክ የሚያውቀው ሰው ከሩቅ ነው የሚለየው። የእውነተኛው አካል መድፉ ሳይቆጠር 6.45 ሜትር ነው፣ ለ16 ስታካፍለው 40 ሴንቲ ገደማ ይመጣል፣ በዛ ልክ የላይኛውን ከፕላስቲክ ሉህ ቆርጠህ ስራ። መድፉ ያለበትን ክብ ክፍል መጨረሻ ላይ አድርገው፣ መጀመሪያ አካሉ ሄዶ፣ ዞሮ፣ ዳገት ወጥቶ ይታይ። ጎማዎቹን ቆርጠህ ስታስቀምጥ የጎን ፎቶ ላክልን፣ ከማጣበቅህ በፊት ክፍተቱን አብረን እንለካዋለን።