የስድስት ሰው ጉዞ በአንድ ስልክ

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲቃረብ ደብዳቤዎቻችሁ ወደ አንድ ጉዳይ ያደላሉ። ዘንድሮ የበዛው ስለ መዝናኛ ፓርክ ትኬት ነው። ትኬቱ ወረቀት መሆኑ ቀርቶ ስልክ ውስጥ ከገባ ወዲህ ግራ የተጋባው ሰው ብዙ ነው። አራት ጥያቄ መርጠናል። የመጀመሪያው መልስ ይረዝማል፤ የብዙዎቻችሁ ቤት ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በነሐሴ የመጀመሪያው ሳምንት ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር ኦርላንዶ፣ ዲዝኒ ወርልድ ልንሄድ ነው። ልጆቹ 11፣ 7 እና 2 ዓመታቸው ነው። እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታልኛለች፣ አብራን ትሄዳለች። ትኬቱን በስልክ ነው የገዛሁት፣ ወረቀት የሚባል ነገር አልላኩልኝም። እናቴ ያላት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፣ እሱም እዚህ አይሠራም። የስድስታችንንም ትኬት እኔ ስልክ ላይ ማድረግ እችላለሁ? ደግሞ ፍልሰታ ስለሆነ እናቴም ትልቋ ልጄም ይጾማሉ። እዚያ ምን ይበላሉ?
የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ይቻላል። መጀመሪያ ግን የገዛሽውን ቁጥር እይ። የሚያስፈልግሽ አምስት ትኬት ነው እንጂ ስድስት አይደለም፤ ዲዝኒ ወርልድ ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ ይገባል። የ7 ዓመቱ የልጅ ዋጋ ይከፈልለታል፣ እሱም ከ3 እስከ 9 ዓመት ላሉት ነው። የ11 ዓመቷ እንደ አዋቂ ትቆጠራለች። ለትንሹ ልጅ ገዝተሽለት ከሆነ ዛሬውኑ ደውይላቸው።

አሁን ወደ ስልኩ። «ማይ ዲዝኒ ኤክስፒሪየንስ» የሚባል አፕ አለ። እሱ ውስጥ የቤተሰብና የጓደኛ ዝርዝር ታገኛለሽ፣ እዚያ ላይ እያንዳንዱን ሰው በስሙ ትመዘግቢና ትኬቱን ታያይዢለታለሽ። እናትሽ ኢሜይልም ሆነ የራሷ ስልክ ባይኖራት ችግር የለውም፣ በአንቺ ሥር ትገባለች። ስሟን ግን ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው አድርገሽ ጻፊው። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱ በአንድ «ኢ»፣ ሌላው በሁለት «ኢ» ይጽፈዋል፣ የአባትና የአያት ስም ቦታም ይቀያየራል። በር ላይ አንድ ነገር ቢያጠራጥርና መታወቂያ ቢጠየቅ፣ ፓስፖርቱና ትኬቱ ተመሳሳይ ስም ቢይዙ ይቀልሻል።

በሩ ላይ የሁሉም ትኬት ተራ በተራ ይነበባል። ትኬት የያዘ ሰው ጣቱን ማሽኑ ላይ እንዲያደርግ ይጠየቃል፣ በማግስቱ ስትመጡ ያ ትኬት የዚያው ሰው መሆኑን የሚያረጋግጡት በዚያ ነው። ይህን ለእናትሽ ቀድመሽ ንገሪያት። አሻራ ስትባል ኤምባሲ የሄደች መስሏት ደንገጥ ልትል ትችላለች። አልፈልግም ካለች ደግሞ መታወቂያ ማሳየት ይፈቀዳል፣ ስለዚህ ፓስፖርቷ ከእናንተ ጋር ይሁን።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገርሽ። የዛሬ ሁለት ዓመት እናቴን አንድ ፓርክ ይዣት ሄድኩ። ትኬቶቹ ኢሜይሌ ውስጥ ነበሩ። በሩ ላይ ስደርስ ኢሜይሉ ዘግቶ አስወጣኝና ፓስዎርድ ጠየቀኝ፣ ፓስዎርዱን ሳስገባ ደግሞ የማረጋገጫ ቁጥሩን የላከው ባለቤቴ ስልክ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ መኪና ሊያቆም ሩቅ ሄዷል፣ ከኋላችን ሰልፉ እየረዘመ፣ ልጆቹ እያለቃቀሱ ግማሽ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ቆምን። እናቴ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ «ወረቀት አልሰጡሽም እንዴ ልጄ?» አለችኝ። ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣችም። ትክክል ነበረች። የአንድ ቤተሰብ ሙሉ ቀን በአንድ ሰው ኪስ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ማታ፣ ሆቴል ቁጭ ብላችሁ፣ ይህን አድርጉ። አፑን ከፍተሽ አምስቱም ትኬት መታየቱን አረጋግጪ። ከዚያ ባለቤትሽ ስልክ ላይም በዚያው አካውንት ግቢበት፣ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥርም እዚያው ጨርሱት። የአንቺ ስልክ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ የሱ አለ። የትኬቶቹን ቁጥር ደግሞ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ገልብጠሽ ቦርሳሽ ውስጥ አኑሪው፣ ስልክ በሌለበት ሰዓት እንግዳ መቀበያው ጋ የሚጠቅምሽ እሱ ነው። ፓርኩ ውስጥ ነፃ ዋይፋይ አለ፣ ግን ሕዝብ በበዛበት ቦታ ሊንቀራፈፍ ይችላልና አፑን ሰልፍ ከመግባትሽ በፊት ክፈቺው።

ለእናትሽ ግን ከዚህም ያለፈ ነገር አድርጊላት። እንግዳ መቀበያው ጋ ሄደሽ ትኬቷ የተያያዘበት ካርድ ይሰጣት እንደሆነ ጠይቂ። ካልሆነም ማጂክ ባንድ የሚባል የእጅ አምባር አለ፣ ከ2013 ጀምሮ ያለ ነው፣ ይሸጣል፣ ትኬቱ እሱ ላይ ይያያዛል። ገንዘብ ማባከን እንዳይመስልሽ። ከሰዓት በኋላ ደክሟት ከባለቤትሽ ጋር ሆቴል ሄዳ አረፍ ብላ ማታ ርችቱን ለማየት ብትመለስ፣ እንደገና ለመግባት ትኬቷ መነበብ አለበት። ትኬቷ አንቺ ስልክ ላይ ብቻ ከሆነ አንቺ ሮለር ኮስተር ሰልፍ ላይ ሳለሽ እሷ በር ላይ ቆማ ትቀራለች። በእጇ የያዘችው ነገር ሲኖር ግን የልጇን ስልክ መጠበቅ አይኖርባትም፣ ራሷ ዘርግታ ትገባለች። አረጋዊ ሰው ይዘን ስንሄድ ይህ ነው የሚረሳን።

ወረቀት መፈለጓም የኋላ ቀርነት አይደለም። ካሊፎርኒያ ያለው የመጀመሪያው ዲዝኒላንድ በ1955 ተከፍቶ በዚያው ዓመት እየተቀደደ የሚሰጥ የትኬት ደብተር ይሸጥ ጀመረ። በ«ኤ»፣ በ«ቢ»፣ በ«ሲ» ፊደል የተለየ ነበር፣ በኋላ በ1959 ለትላልቆቹ መጫወቻዎች «ኢ» ተጨመረ፣ አሠራሩ እስከ 1982 ቆየ። ሰዎቹ ራሳቸው ለሩብ ምዕተ ዓመት ወረቀት ሲቀድዱ ኖረዋል።

ሰልፍ ማሳጠሪያውን በተመለከተ፣ ከ1999 ጀምሮ በነፃ የነበረው ፋስትፓስ በ2021 ቀርቷል። አሁን ያለው ላይትኒንግ ሌን ይባላል፣ በገንዘብ ነው፣ የሚያዘውም በአፑ ነው። ዲዝኒ ሆቴል የሚያርፍ ሰው ከ7 ቀን በፊት፣ ሌላው ከ3 ቀን በፊት መያዝ ይችላል። ክፍያው በየሰው ነው። እናትሽ የማትሳፈርበት ከሆነ ለእሷ አትግዢ፣ ጥላ ሥር ከትንሹ ልጅ ጋር ብትቀመጥ ይሻላታል።

ጾሙን ደግሞ አታስቢ። የዲዝኒ ምግብ ቤቶች ከ2019 ጀምሮ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር የሌለበትን ምግብ በቅጠል ምልክት ለይተው ያሳያሉ። አፑ ላይ ሜኑውን ከፍተሽ ምልክቱን ፈልጊ፣ ከዚያ እዚያው እዘዢና የምትወስጂበትን ሰዓት ምረጪ። እናትሽ እስከ 9 ሰዓት የምትቆይ ከሆነ ለዚያው ሰዓት አድርጊው፣ በአሜሪካኖቹ ሦስት ሰዓት ማለት ነው። ከቤት ምግብ ይዞ መግባትም ይፈቀዳል። ጠርሙስ አይሁን፣ የተበተነ በረዶ አይሁን እንጂ ዳቦ ቆሎውን ቋጥሪላት።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው፣ ታክሲ እነዳለሁ። ቴሌግራም ላይ ባለ የሐበሻ ግሩፕ አንድ ልጅ የዲዝኒ የአራት ቀን ትኬት በግማሽ ዋጋ እሸጣለሁ ብሏል። ሁለት ቀን ተጠቅሜበታለሁ፣ ሁለት ቀን ይቀረዋል፣ ብሩን በዜል፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ ላኩና በማሽን የሚነበበውን የኪው አር ኮዱን ፎቶ እልካለሁ ይላል። አራት ልጆች አሉኝ፣ ቢሆንልኝ ትልቅ ነገር ነው። ምን ትላላችሁ?
የአራት ልጆች አባት

መልስ፦ ጋሼ፣ እባክዎ አይላኩ። ልጁ ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፣ ትኬቱ ግን እንደ አውቶቡስ ትኬት ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ አይደለም። ተጀምሮ የቆየ የዲዝኒ ትኬት ለሌላ ሰው እንደማይተላለፍ የራሳቸው ደንብ ይናገራል። በመጀመሪያው ቀን ከልጁ አሻራ ጋር ተያይዟል፣ በር ላይ የእርስዎ ጣት ሲቀርብ አይገጥምም። ሌላም አለ፤ የአራት ቀኑ ትኬት ከጀመረበት ቀን አንስቶ በ7 ቀን ውስጥ ካላለቀ ይቃጠላል። «ሁለት ቀን ይቀረዋል» የተባለው ቢቀረውም ጊዜው አልፎ ሊሆን ይችላል።

በሌሎች ፓርኮችም ቢሆን የኮድ ፎቶ መግዛት አደገኛ ነው። አንዱን ፎቶ ለአሥር ሰው መላክ ይቻላል። ማሽኑ የሚቀበለው ቀድሞ የደረሰውን ነው፣ የቀሩት ዘጠኙ ልጆቻቸውን ይዘው በር ላይ ይቀራሉ። በዜል የላኩትን ገንዘብ ደግሞ መልሶ ማግኘት በጣም ከባድ ነው። እቁብ እንኳ የምንጥለው ከምናውቀው ሰው ጋር አይደለም እንዴ?

ርካሽ ከፈለጉ ሌላ መንገድ አለ። የትሪፕል ኤ፣ የአሽከርካሪዎቹ ማኅበር፣ አባል ከሆኑ እዚያ ይጠይቁ። ባለቤትዎ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት ወይም ትልቅ ድርጅት የምትሠራ ከሆነ የሠራተኛ ቅናሽ መኖሩን ታጣራ፣ ብዙ ሰው ያለውን ሳያውቅ ይቀራል። ኦርላንዶ ድረስ መሄድም ግዴታ አይደለም። ሜሪላንድ የነበረው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ በኖቬምበር 2025 ተዘግቷል፣ ግን ቨርጂኒያ ዶስዌል ያለው ኪንግስ ዶሚኒየን ከእርስዎ ቤት በአይ 95 አውራ ጎዳና ቀጥታ ነው። ፔንስልቬኒያ ደግሞ ከ1906 ጀምሮ ያለው ኸርሺፓርክ አለ። ከራሳቸው ድረ ገጽ ቀድሞ የተገዛ ትኬት ብዙውን ጊዜ በር ላይ ከሚገዛው ይረክሳል። አራት ልጆች ይዘው በክረምቱ ሁለት ሦስቴ የሚመላለሱ ከሆነ የወቅቱን ማለፊያ ዋጋ ያስሉት፣ ሊያዋጣዎ ይችላል። ጥሬ ገንዘብ ብቻ ይዘው ግን አይሂዱ፤ በካርድ ብቻ የሚሸጡ ፓርኮች በዝተዋል።

ጥያቄ፦ የስልኬ መስታወት ተሰነጣጥቋል፣ ባትሪውም ቶሎ ይሞታል። ከጓደኞቼ ጋር ኦርላንዶ ዩኒቨርሳል ልንሄድ ነው፣ ትኬቴ ስልኬ ላይ ነው። ኮዱ ላይነበብ ይችላል?
ተማሪ፣ ከሚኒሶታ

መልስ፦ ስንጥቁ ያን ያህል አያስፈራ። ኪው አር ኮድን በ1994 የሠራው ዴንሶ ዌቭ የሚባል የጃፓን ድርጅት ነው፣ የመኪና ዕቃ ለመለየት ታስቦ። ፋብሪካ ውስጥ ዘይትና አቧራ ስለሚነካው ከፊሉ ቢበላሽም እንዲነበብ ተደርጎ ነው የተሠራው። እንደ አሠራሩ ከ7 እስከ 30 በመቶው ቢጠፋ እንኳ ማሽኑ የቀረውን አይቶ ይሞላዋል። ብቻ ሦስቱ የማዕዘን ሣጥኖች በደንብ ይታዩ። ስንጥቁ እነሱ ላይ ካረፈ ኮዱን ትንሽ አሳንሰህ ወደ ደህናው የመስታወት ክፍል ሳበው፣ ብርሃኑንም እስከ ጫፍ ክፈተው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፣ ሎከሩ፣ የዕቃ ማስቀመጫው ሣጥን። ዩኒቨርሳል ውስጥ እንደ ቬሎሲኮስተርና ሀልክ ባሉት ሮለር ኮስተሮች ላይ ስልክ ኪስ ውስጥ ይዞ መሳፈር አይቻልም፣ በብረት መፈተሻ ነው የሚታለፈው። ትንሿ ሎከር ለዚያ ሰዓት በነፃ ትሰጥሃለች፣ ግን የምትከፈተው ትኬትህን በማስነበብ ነው። ትኬቱ ስልክህ ውስጥ፣ ስልክህ ሎከሩ ውስጥ! ስለዚህ ስልኩን ከማስቀመጥህ በፊት ሠራተኛውን «የሎከር ካርድ ስጠኝ» በለው። ወይም ጠዋት ስትገባ ትኬትህን በካርድ እንዲያትሙልህ ጠይቅ፣ ቀኑን ሙሉ ይገላግልሃል።

ለባትሪው ፓወር ባንክ ያዝ፣ ከእነ ገመዱ። ካርታ፣ የሰልፍ ደቂቃ፣ ፎቶ፣ ቪዲዮ እያሉ ስልክ እስከ ከሰዓት በኋላ አይቆይም። ጓደኞችህም ሁሉም ትኬት አንድ ሰው ላይ እንዳይከምሩ ንገራቸው።

ጥያቄ፦ ዱባይ የሰው ቤት ነው የምሠራው። በዕረፍት ቀኔ ግሎባል ቪሌጅ የሚባለው መዝናኛ ቦታ መሄድ እፈልጋለሁ። ትኬቱ በአፕ ነው ይላሉ፣ እኔ የባንክ ካርድ የለኝም።
እህታችሁ ከዱባይ

መልስ፦ እህቴ፣ ካርድ የለኝም ብለሽ አትቅሪ። ትኬት በሩ ላይም ይሸጣል። የሚከፈተው ከጥቅምት አካባቢ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ስለሆነ በክረምቱ ሙቀት አትድከሚ። አፕ ላይ ስትገዢ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ብቻ የሚያስገባና በማንኛውም ቀን የሚያስገባ ትኬት ስላለ፣ ጓደኛ በስልኳ ከገዛችልሽ የዕረፍት ቀንሽን ቀድመሽ ንገሪያት። የገዛችልሽን ኮድ ስክሪንሻት አድርጋ ትላክልሽ፣ አንቺም ከመውጣትሽ በፊት ስልክሽ ላይ በደንብ መከፈቱን እይ።

አንድ የማይነገር ነገር አለ። የመግቢያው ትኬት መጫወቻዎቹን አይጨምርም። ለመጫወቻው ዎንደር ፓስ የሚባል ካርድ ገንዘብ ይሞላበታል። ሱቆቹንና የየአገሩን ቤቶች ማየት፣ ትርዒት መመልከት ብቻ ከሆነ ሐሳብሽ አያስፈልግሽም። የአፍሪካውን ቤት ሳታዪ አትመለሺ።

ለመሄጃና ለመመለሻ ከዩኒየንና ከአል ጉበይባ ጣቢያዎች የሚመላለስ የመንግሥት አውቶቡስ አለ፣ በኖል፣ በትራንስፖርት መክፈያ ካርድሽ፣ ነው የምትሳፈሪው። ስትደርሺ ከመውረድሽ በፊት የመጨረሻው ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ሾፌሩን ጠይቂው።