ዲቲዬን ባለ ሦስት ጎማ ላስደርጋት?

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የሞተር መካኒኩ መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የአፍንጮ በር ልጅ ነኝ። 53 ዓመቴ ነው። ከ20 ዓመት በላይ ሞተር ላይ ኖሬያለሁ። አሁን በማኅበር ተደራጅተን፣ ፈቃድ አውጥተን፣ ጂፒኤስ አስገጥመን መድኃኒትና ሰነድ እናደርሳለን። የምነዳት ያማሃ ዲቲ 125 ናት፤ ሊብሬዋ በስሜ ነው። ጠዋት ከፒያሳ በቸርችል ወደ ጥቁር አንበሳ እወርዳለሁ። ከዚያ ሜክሲኮ፣ ከሰዓት ደግሞ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ።

ችግሬ የግራ ጉልበቴ ነው። መገጣጠሚያው ተበልቷል ተብያለሁ። ባለፈው ወር ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ቤት በሚወስደው ዳገት ላይ ከፊቴ የነበረው ሚኒባስ ድንገት ቆመ። እኔም ስቆም ጉልበቴ ከዳኝ። ሞተሯ ላዬ ላይ ወደቀች። ክፉ ነገር አልደረሰብኝም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ልቤ ድው ይላል።

አንድ በያጅ «የኋላውን ቆርጬ ሁለት ጎማ የሚይዝ አክስል እገጥምልሃለሁ፣ ባለ ሦስት ጎማ ትሆናለች፣ መውደቅ ቀረ» አለኝ። 90 ሺህ ብር ጠይቆኛል። ባለቤቴ ሽጠው ትላለች። ሞተሩ እንጀራዬ ነው። ምን ይመክሩኛል?
መ.ተ.

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዕድሜያችን ብዙም አይራራቅምና አንተ እያልኩ ልጻፍልህ። እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ። መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ዲቲህን አታስቆርጣት። ምክንያቱ ረዘም ይላል፣ ታገሰኝ።

ባለ ሦስት ጎማ ጠልቼ አይደለም። ራሴ ነድቼዋለሁ። በ1999 ዓ.ም. ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ከገጠመ በኋላም እግሬ አልጠና አለኝ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለው ጋራዤ ውስጥ አንድ አሮጌ ሞተር ላይ በገዛ እጄ አክስል ሠርቼ ሰባት ወር ነዳሁት። የምነግርህ አብዛኛው ነገር ከእነዚያ ሰባት ወራት የተማርኩት ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጉልበትህ የሚያምህ ስትቆም ብቻ ነው ወይስ ማርሽ ስትቀይርም? የዲቲ ማርሽ በግራ እግር ነው። ከፒያሳ ሜክሲኮ እስክትደርስ ስንቴ ወደ ላይ፣ ስንቴ ወደ ታች እንደምትረግጥ አንድ ቀን ቁጠረው። ሦስተኛ ጎማ ይህንን ሥራ አይወስድልህም። ያው እግር፣ ያው ማርሽ። ማርሽ ስትቀይርም የሚያምህ ከሆነ 90 ሺህ ብር ከፍለህ ግማሹን ሕመም ይዘህ ትቀራለህ።

ሌላው የዲቲ ቁመት ነው። ዲቲ የተሠራችው ለገጠር መንገድ፣ ለድንጋይና ለቦይ ነው። ወንበሯ ከፍ ያለ ነው። ስትቆም እግርህ ሙሉ በሙሉ መሬት ካልነካ ክብደቱ ሁሉ በጣቶችህ ጫፍና በአንድ ጉልበት ላይ ይወድቃል። ጉልበትህ የከዳህ ሞተሯ ሁለት ጎማ ስላላት ብቻ አይመስለኝም። ረጅም ስለሆነችም ነው። ይኼ ደግሞ ሳይቆረጥ የሚስተካከል ነገር ነው። በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። «መውደቅ ቀረ» ያለህ በያጅ ስለ ቆመ ሞተር ከሆነ የተናገረው ልክ ነው። የሚሄድ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሞተር ሲታጠፍ ይጋደማል። ባለ ሦስት ጎማ አይጋደምም፣ ስለዚህ ወደ ውጭ ይገፋል። እስቲ አብረን እናስላው። አክስሉ ከጎማ ጎማ 1 ሜትር ይሁን። የአንተና የሞተሯ ክብደት ማዕከል ከመሬት 75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን፤ ለዲቲ ይህ የተጋነነ አይደለም። ይህ ማዕከል ከፊት ጎማ እስከ አክስሉ ካለው ርቀት ሁለት ሦስተኛው ላይ ይረፍ። 12 ሜትር ራዲየስ ባለው መታጠፊያ ላይ በውስጥ በኩል ያለው ጎማ በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ከመሬት ይነሣል። ያንኑ መታጠፊያ በዲቲህ ጋደል ብለህ በ30 ሳታስበው ታልፈዋለህ። ደረቅ አስፋልት ላይ ደግሞ ጎማው ከመንሸራተቱ በፊት ትገለበጣለህ፤ ማስጠንቀቂያ አይሰጥህም። እየታጠፍክ ፍሬን ከያዝክ ይብሳል። ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ፊት ያለው አንድ ጎማ ብቻ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራኝ ግን የእጅህ ልምድ ነው። ሞተር ላይ ወደ ግራ ለመታጠፍ የመሪውን ግራ እጀታ ወደ ፊት ገፋ ታደርጋለህ። ሞተሩ ወደ ግራ ይጋደማል፣ ይዞራል። ይህንን ማንም በቃል አላስተማረህ ይሆናል፣ እጅህ ግን ያውቀዋል። ባለ ሦስት ጎማ ላይ ግራውን ወደ ፊት ከገፋኸው ወደ ቀኝ ይሄዳል። አሁን አስበው። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ተማሪ ከቀኝ በኩል ድንገት መንገድ ገባ። 20 ዓመት የለመደው እጅህ ሳያስብ ግራውን ይገፋል። ጎማው ወደ ልጁ ይዞራል። እኔ ይህ ልማድ እስኪለቀኝ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፤ ያኔ የነበረኝ ልምድ ካንተ ያነሰ ነበር።

እግርም እንደዚሁ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሀገር ፍቅር ቴአትር ፊት ለፊት ልቆም ስል እንደለመድኩት እግሬን አወረድኩ። ከኋላ የመጣው የራሴ ጎማ ተረከዜን ረገጠው። ለሁለተኛ ጊዜ ጋራዥ ዘጋሁ። ባለ ሦስት ጎማ ላይ እግር ከመርገጫው አይወርድም። አንተ ደግሞ ጉልበትህ እንዳይከዳህ ስለምትፈራ እግርህን ከሌላው ሰው ቀድመህ ነው የምታወርደው።

ስለ አክስሉም በያጁን ጠይቀው። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በአንድ ዘንግ ካሰራቸው እኩል ይዞራሉ። በመታጠፊያ ላይ ግን የውጨኛው ጎማ ረዘም ያለ መንገድ መሄድ አለበት። ይህንን የሚፈታው ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ዲፈረንሻል ነው። ያለ ዲፈረንሻል መሪውን ብታዞረውም ሞተሩ ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፤ እርጥብ መንገድ ላይ በደንብ ታውቀዋለህ። የዲቲ ጉልበት ወደ ኋላ የሚሄደው በካቴና ነው። ስለዚህ ካቴና የሚቀበል ዲፈረንሻል ያስፈልግሃል። «የባጃጅ እገጥምልሃለሁ» ካለህ ተጠንቀቅ። የባጃጅ ዲፈረንሻል ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር በአንድ ቤት ውስጥ ነው ያለው፤ ብቻውን ተነቅሎ ዲቲ ላይ አይገባም። የእኔ አክስል ሰባተኛው ወር ላይ ብየዳው ሲሰነጠቅ አይቼ ፈትቼ ጣልኩት። ቸርችልን ስወርድ ሳይሆን ጋራዥ ውስጥ ስላየሁት አምላኬን አመሰግናለሁ።

በስልክህ የፈረንጆቹን ባለ ሦስት ጎማ አይተህ ይሆናል። እነሱ የቆየ ታሪክ አላቸው። ሃርሊ ዴቪድሰን ሰርቪካር የሚባለውን ከ1932 እስከ 1973 (እ.ኤ.አ.) ሠርቷል፤ ፖሊሶችና ዕቃ አድራሾች ይነዱት ነበር። ዛሬ ብዙ ጊዜ ወደ ሦስት ጎማ የሚቀየረው ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ነው። ሞተሩ 1800 ሲሲ ነው፣ ዝቅ ያለና ከባድ ነው። መቀየሪያው ከፋብሪካ ሲመጣ ሰፊ አክስል፣ ዲፈረንሻልና የራሱ አሞርዛተር አለው። መሪው እንዳይከብድ የፊቱን ማዕዘን ጭምር ያስተካክሉታል። ይኼ ሁሉ ሲቀር ክንድህና ትከሻህ ማታ ያሳብቃሉ። የሚጋደም ባለ ሦስት ጎማም አለ። ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ኤምፒ3 ሁለት ጎማ ከፊት አለው፣ እንደ ሞተር ይጋደማል፣ ሲቆም ደግሞ እግር ሳታወርድ ቆልፈህ ታቆመዋለህ። ለጉልበት እንደሱ የሚመች አላየሁም። ግን እዚህ መለዋወጫውን ማን ያመጣልሃል?

የአንተ 125 ሲሲ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተርህ አሁንም ሙሉ ጉልበቱን አያገኝም። በዚህ ላይ አክስል፣ ሁለት ጎማና ብረት ጨምረህ ቸርችልን ስትወጣ ፍሪሲዮንህ ይቃጠላል። ወደ ኋላ የሚሄድ ማርሽ ደግሞ የላትም። ቁልቁል አፍንጫዋን ከመንገድ ጠርዝ አስጠግተህ ካቆምካት በዚያ ጉልበት ገፍተህ ማውጣት አለብህ።

ሥራህንም አስብ። ሞተር መድኃኒት ቶሎ የሚያደርሰው በመኪናዎች መሃል ስለሚያልፍ ነው። ያ ይቀራል። ሚኒባሱ ሲቆም አንተም ትቆማለህ። ጉድጓድም በሁለት ጎማ ታልፈዋለህ፤ በሦስት ጎማ ሦስት የተለያየ መስመር ስለምትረግጥ አንዱ ይገባበታል።

ወረቀቱን ባጭሩ። ሊብሬህ ላይ የተጻፈው ባለ ሁለት ጎማ ነው፣ የከተማው ፈቃድህም የተሰጠው ለሞተር ነው። በ2011 ዓ.ም. ሞተር ላይ እገዳ ከመጣ በኋላ ያንን ፈቃድ እንዴት እንዳገኛችሁት አንተ ታውቃለህ። ባለ ሦስት እግር መንጃ ፈቃድም ከሞተሩ የተለየ ነው። አንድ ቀን ሰው ብትነካ ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የሚያየው ሊብሬውና መንገድ ላይ ያለው አንድ መሆናቸውን ነው። ከመቆረጡ በፊት በጽሑፍ ፈቃድ ካልያዝክ አትጀምረው።

ታዲያ ምን ታድርግ? በዚህ ሳምንት ወንበሯን አውርድና ለወንበር ሰፊ ስጥ። ስፖንጁን 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ያስቀንሰው፤ መሃሉን ብቻ ሳይሆን ጭንህ የሚያርፍበትን ጎን ጭምር ያጥብበው። የፊት አሞርዛተሩን ቱቦዎች ከመያዣቸው 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ማሰር ይቻላል፤ ከዚያ አትለፍ፣ መሪው ይቀበጣል። ጫማህ ወፍራም ሶል ይኑረው። እነዚህ ተደምረው ተረከዝህን መሬት ያስነኩልሃል።

አቋቋምህንም ቀይር። ከመቆምህ በፊት ሞተሯ እየተንከባለለች ዜሮ ማርሽ አስገባ፣ የፊት ፍሬን በእጅህ ያዝ፣ ቀኝ እግርህን አውርድ። ወደ መንገዱ ጠርዝ መጠጋት ከቻልክ ቀኝ እግርህን ጠርዙ ላይ አሳርፍ፤ ያኔ የግራ ጉልበትህ ሳይጨነቅ ትቆማለህ። ዳገት ላይ የፊት ፍሬን ብቻውን ሊንሸራተት ስለሚችል መጀመሪያ ሜዳ ላይ ተለማመደው። ዳገት ስትወጣ ከፊትህ ካለው መኪና ራቅ በል፤ ቀስ እያልክ ሳትቆም የምታልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ሐኪምህንም የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያሳይህ ጠይቀው። ለጉልበት ከብረት ይልቅ እሱ ይጠቅማል።

ማርሹም የሚያምህ ከሆነ ባለቤትህ ልክ ናት፣ ሽጣት። ግን ሥራውን አትተው። ማርሽ የሌለው ዝቅ ያለ ስኩተር ግዛ፣ የቤንዚንም የኤሌክትሪክም ሊሆን ይችላል። የግራ እግርህ ሥራ መቆም ብቻ ይሆናል፣ እሱም ከዝቅታ ነው። ጎማው ትንሽ ስለሆነ ጉድጓድ አይወድም፤ የመሃል ከተማው አዲስ መንገድ ግን ይስማማዋል። ፈቃዱ ወደ አዲሱ ሰሌዳ እንዲዛወር ማኅበራችሁን አስቀድመህ አነጋግር። ለበያጁ ልትከፍለው የነበረውን 90 ሺህ ለዚህ ጨምረው።

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው፣ አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ቀኝ እግሬ በልጅነቴ በፖሊዮ ተጎድቷል። ሞተር ነድቼ አላውቅም። ከፋብሪካ የመጣ ባለ ሦስት ጎማ የኤሌክትሪክ ስኩተር ልገዛ ነው። ሁሉም ሰው ተይው ይለኛል።
ሰ.

መልስ፦ ልጄ፣ እኔ ተይው አልልሽም። ከላይ ለጻፈው ወንድማችን ያልኩት ለአንቺ አይሠራም። የሚለቅ የሞተር ልማድ እጅሽ ውስጥ የለም፣ ከመጀመሪያው በሦስት ጎማ ትለምጂዋለሽ። ከፋብሪካ የመጣ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው፣ ለሦስት ጎማ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ወረቀቱም ባለ ሦስት ጎማ ይላል። መታጠፊያ ላይ ግን ከመግባትሽ በፊት ፍጥነት ቀንሺ፤ ከገባሽ በኋላ አይደለም።

ከመግዛትሽ በፊት ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ በእጅ የሚያዝ መሆኑን እዪ። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ፍሬን እንዳላቸው ጠይቂ። ወደ ኋላ መሄዱን ሞክሪ። ከዚያ ሻጩ ስኩተሩን ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው ዳገት ዳር ያቁምልሽና አንቺ ስኩተሩ ላይ ተቀምጠሽ የማቆሚያውን ፍሬን ሳቢ። እጅሽን ከሁሉም ነገር ላይ አንሺ። አንድ ደቂቃ ጠብቂ። ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ሌላ ፈልጊ፤ ከያዘ ግዢው።