«ብግነት»፣ «እብጠት» ወይስ «ኢንፌክሽን»?

ጥያቄ፦ የጤና ጽሑፍ የሚተረጉሙ አንባቢ «ኢንፍላሜሽንን አንዱ እብጠት፣ አንዱ ኢንፌክሽን፣ ሌላው ብግነት ይለዋል። የቱን ልያዝ? ‹ብግነት የአንጎልን ሕመም ያባብሳል› የሚለው ዐረፍተ ነገሬስ ልክ ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል።

መልስ፦ ለስሙ፣ ማለትም ሰውነት ለጉዳት ወይም ለጀርም ለሚሰጠው የመቆጣት ምላሽ፣ «ብግነት»ን ይያዙ። «በገነ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ነደደ፣ ተቃጠለ ማለት ሲሆን ዛሬ ይበልጥ የምንሰማው «አበገነኝ» እያልን ለንዴት ነው። ግስ ሲያስፈልግዎ ሕዝቡ የሚለው አለልዎት፦ «ቁስሉ ተቆጣ»። እብጠት ከመቅላት፣ ከመሞቅና ከሕመም ጋር ከብግነት ምልክቶች አንዱ ነው። ኢንፌክሽን ደግሞ ተሕዋስያን ሰውነት ውስጥ ገብተው ሲባዙ ነው። ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት ያለ አንዳች ጀርም ይቆጣል፤ «ኢንፌክሽን» ብለው ከጻፉለት አንባቢው አንቲባዮቲክ ፍለጋ ይሄዳል።

ዐረፍተ ነገርዎ መታረም አለበት። «ሕመም» በሽታንም ሥቃይንም ስለሚይዝ፣ «የአንጎል ሕመም» ሲባል የሚሰማን የአንጎል በሽታ ነው። ሊሉ የፈለጉት ግን ብግነት የሕመምን ስሜት እንደሚያባብስ ነው። የተቆጣው ቦታ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ይህም የነርቭ ጫፎችን በትንሽ ነገር የሚቀሰቀሱ ስለሚያደርጋቸው፣ ትናንት ምንም ያልነበረ የጨርቅ ንክኪ ዛሬ ያማል። መልእክቱ በኅብለ ሰረሰር ወደ አንጎል ይወጣል። ሳይቶካይን የሚባሉ ፕሮቲኖችም በደምና በነርቭ በኩል የብግነቱን ወሬ ለአንጎል ያደርሳሉ። ጉንፋን የያዘው ሰው አንድም ቦታ ሳይቆስል «ሰውነቴን ቆረጣጠመኝ» ማለቱ ከዚህ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ሰዋስዋችን ይረዳዎታል። «ጉልበቴ ተቆጣ» ስንል የግሱ ባለቤት ጉልበቱ ነው። «ጉልበቴን አመመኝ» ስንል ግን ሕመሙ የደረሰበትን ሰው «ኝ» ያመለክታል፤ «ን» የያዘው ጉልበት ቦታውን ብቻ ይናገራል። («ጉልበቴ አመመኝ»ም ይባላል፤ እዚያም «ኝ» አይቀርም።) እንግዲህ ብግነቱን ለብልቱ፣ ሕመሙን ለሰውየው ይስጡ፦ «በሰውነት ውስጥ የተነሣ ብግነት አንጎል የሕመም ስሜትን የሚያስተናግድበትን መንገድ ይለውጣል፤ ቀድሞ የማያመው ነገር ሰውየውን ያመዋል።»

የሕመሙ ዓይነት ከታወቀም በደፈናው «ሕመም» አይበሉ፤ ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ለጎን ውጋት፣ ለራስ ፍልጠት፣ ለቁስል ጥዝጣዜ አለን።

ኢቡፕሮፌን የተባለውን የሕመም መድኃኒት «ማደንዘዣ» ማለትም ስሕተት ነው። ማደንዘዣ ስሜትን ያጠፋል፤ ኢቡፕሮፌን ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት እየገታ ሕመሙን ያበርዳል። «ማስታገሻ» ይበሉት፤ ሥራውን መግለጽ ሲፈልጉ ደግሞ «ፀረ ብግነት»።