መልስ፦ እናቴን ከአጋሮ በቀጥታ ጅማ ላምጣት?

ሰላም እህቴ። እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። የሆድ ሕመማቸው ሁለት ወር ስላለፈው፣ አጋሮን ዘለሽ ጅማ «ትልቁ ሆስፒታል» ልታመጫቸው እንደሆነ ጽፈሻል። እኔ አትዝለይ ባይ ነኝ።

ትልቁ የምንለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚያክመው የጅማን ሰው ብቻ አይደለም። ከበደሌ፣ ከመቱ፣ ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከጋምቤላ ሳይቀር ሪፈር የተጻፈለት ሕመምተኛ ይመጣል። ወረፋው ለታመመ ሰው ከባድ ነው። አጋሮ ደግሞ የራሱ ሆስፒታል አለው። የደምና የሰገራ ምርመራው እዚያው፣ ቤታቸው አጠገብ ይጀመር። ከአቅም በላይ ከሆነ የአጋሮ ሐኪሞች ራሳቸው ሪፈር ይጽፉላችኋል። ጅማ እንደሆነ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የትም አይሄድም።

ሪፈሯን ቀላል ወረቀት አድርገሽ አትያት። እናትሽ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላቸው፣ ያለ ሪፈር ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። እኔ አባቴን ያለ ሪፈር አንድ ሆስፒታል ወስጄ ሁሉንም ከኪሴ ከፈልኩ። ዛሬም ይቆጨኛል። ስትመጡ መታወቂያውን፣ የመድን ደብተሩን፣ የድሮ ውጤቶቹን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ያዢ።

ደም ካስመለሳቸው፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ወረቀት አትጠብቂ። ቅርብ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ሩጪ። ሌሊትም ቢሆን እንዳትጠብቂ፣ አደራ።